ከበቆጂ ባርሴሎና ስንት ሰዓት ነው?

ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትርን በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ጨርሳ የወርቅ ሜዳሊያ ስታጠልቅ የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። ከ12 ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 21 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ በዚያው ርቀት የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች፤ ቦታው አቴንስ ነበር። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዋ የተገኙት በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ ሁለት ከተሞች ነው ማለት ነው። በአቴንሱ ውድድር ከእሷ ቀድማ ሁለተኛ የወጣችው እጅጋየሁ ዲባባም እንደ ደራርቱ የበቆጂ አካባቢ ልጅ ናት። ከዚያ ውድድር ከሳምንት በፊት በወንዶች 10,000 ሜትር ወርቁን የወሰደው ቀነኒሳ በቀለም እንዲሁ።

ሁለቱ ከተሞች ምን ያህል ይራራቃሉ? በአየር ሲለካ ከአቴንስ እስከ ባርሴሎና 1,880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገደኛ ጄት ይህን በሦስት ሰዓት አካባቢ ይጨርሰዋል። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ በሮጠችበት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት ከ19 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ሩጫ፣ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ የሚሄድ ሰው ቢገኝ አራት ቀን ይፈጅበታል፤ ባሕሩን ግን እንጃ።

ጥያቄው ከበቆጂ ሆኖ ሲጠየቅ መልሱ ሌላ መልክ ይይዛል። ከአርሲ ደጋ ተነሥቶ ሜዲትራኒያን ዳር የሚደርስ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ሰማይ ላይ ሳይሆን ምድር ላይ ነው። ቦሌ እስኪደርስ የሚያጠፋው ሰዓት፣ ከቦሌ ቤይሩት ለመብረር ከሚያስፈልገው ሰዓት አያንስም፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለማወቅ ርቀት እንዴት እንደሚለካና ሰዓት ከየት እንደሚመጣ መመልከት ያስፈልጋል።

ርቀት ሲባል ቢያንስ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የአየር መስመር ነው፤ ምድር ድቡልቡል ስለሆነች በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ በገጿ ላይ የሚጎብጥ ቅስት ነው። አውሮፕላን ውስጥ መቀመጫው ፊት ባለው ስክሪን ላይ መስመሩ ጎብጦ የሚታየው አብራሪው ስለዞረ አይደለም፤ ድቡልቡሏን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ መዘርጋት ቀጥታውን ጎባጣ ስለሚያስመስለው ነው። ለአጭር ርቀት ግን ቅስቱም ቀጥታውም አንድ ነው፤ ማንም የትምህርት ቤት ካርታና እርሳስ ያለው ሰው ሊያሰላው ይችላል።

ከበቆጂ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን አሰላን እንውሰድ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስትገኝ፣ አሰላ ከ8 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብላ ትገኛለች። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አሰላ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ከ115 እስከ 120 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሁለቱን በፓይታጎረስ ደንብ ሲያጋጥሙት 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ወፍ ብትበር ያላት መንገድ ይኸው ነው።

ሁለተኛው የመንገድ ርቀት ነው፤ መኪናው 175 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

የ50 ኪሎ ሜትሩ ልዩነት ከመንገዱ አቅጣጫ የመጣ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ የሚሄድ ሰው በቀጥታ ወደ ደቡብ አይወርድም፤ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 99 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዳማ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ቀጥታው መስመር በቆቃ ሐይቅ አካባቢ ስለሚያልፍ ለመኪና አይመችም፤ አዳማ ደግሞ ከጥንቱ የጅቡቲ ባቡር ጀምሮ የመንገዶች መገናኛ ሆና የቆየች ከተማ ናት። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ይህን የመጀመሪያ ክፍል በጣም አቅልሎታል። በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር የሚነዳበት፣ እንስሳም ጋሪም የማይገባበት መንገድ ነው። የአሰላ ሰው ዛሬ ስለ አዲስ አበባ መንገድ ሲያማርር አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው ስለ ፍጥነት መንገዱ ሳይሆን ከእሱ በፊትና በኋላ ስላለው ነው።

ከአዳማ በኋላ ያለው የተለየ ዓለም ነው። መንገዱ አዋሽን ተሻግሮ ዴራ ይደርሳል፤ ከዚያ ኢተያን፣ ጎንዴንና በስንዴ ምርምሩ የታወቀውን ቁሉምሳን እያለፈ ከስምጥ ሸለቆው ቆላ ወደ ደጋው ይወጣል። አዋሽ ዳር ከ1,600 ሜትር በታች የነበረው ከፍታ አሰላ ላይ 2,400 ሜትርን ያልፋል። ዴራ ላይ ላብ ሲያጠምቀው የነበረ ተሳፋሪ አሰላ ሲወርድ ጋቢውን ይፈልጋል። የገብስና የስንዴ ጭነት የያዘ መኪና፣ ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚገባና ከዚያ የሚወጣ ተሳቢ፣ የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ፈረስና ጋሪ መንገዱን ይጋሩታል። አሽከርካሪው ችሎታ ቢኖረውም ዳገቱ ላይ ከፊቱ ያለውን ተሳቢ ሳይቀድም ሊፈጥን አይችልም፤ ለመቅደም መቸኮል ደግሞ ብዙ ሕይወት የቀጠፈ ልማድ ነው።

ሦስት ሰዓት ይፈጃል የሚባለው ጉዞ አራት የሚሆነው እንግዲህ እዚህ ነው። በሕዝብ ማመላለሻ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላ የማይታይ ሰዓት አለ፤ የመሙላት ሰዓት። አባዱላው ወይም ሚኒባሱ ተሳፋሪ እስኪሞላ ከመናኸሪያው አይወጣም። ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ሲጮህ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊያልፍ ይችላል። ቀጥታ መኪና ያላገኘ ሰው ቆራርጦ ይሄዳል፤ አዳማ ወርዶ ሌላ ይሳፈራል፤ እዚያም እንደገና መሙላት አለ። ካርታ ላይ 175 ኪሎ ሜትር የሚለው ቁጥር ስለዚህ ሁሉ የሚለው ነገር የለም።

በቆጂ ከአሰላ በስተደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ላይ፣ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሯጮቿ በዓለም ዙሪያ ስሟን ያስጠሯት ይህች ትንሽ ከተማ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ደግሞ አስፋልት እስኪደርስ በእግር ወይም በፈረስ ይመጣል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ አሰላ አጠገብ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ እንደነበር ብዙ ተወርቷል፤ ሯጭ ያልሆነ ሰው ያንኑ መንገድ በሁለት ሰዓት ይሄደዋል። በዚያው ሁለት ሰዓት ከአቴንስ የተነሣ ጄት ሰርዲኒያ ደሴትን አልፎ ወደ ስፔን እየተቃረበ ነው።

እንዲህ ከሆነ አሰላ የአውሮፕላን ማረፊያ ቢኖራት ችግሩ ይፈታል? በቀላሉ አይፈታም። ከቦሌ አሰላ ያለው የአየር ርቀት 120 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በአገር ውስጥ በረራ ላይ የሚውለው ኪው 400 የተባለው ባለ ውልብልቢት አውሮፕላን በሰዓት ወደ 650 ኪሎ ሜትር ሊበር ይችላል፤ ግን ወደዚያ ፍጥነት ሳይደርስ መውረድ መጀመር ይኖርበታል። ሞተር ተነሥቶ፣ መንደርደሪያው ጫፍ ተደርሶ፣ ተነሥቶ፣ ታጥፎ፣ ወርዶ እስኪቆም ግማሽ ሰዓት ይሞላል። በዚህ ላይ ቦሌ ቀድሞ መድረሱ፣ ፍተሻው፣ ሻንጣ መጠበቁ ሲጨመር ሦስት ሰዓት ይመጣል። በመኪና የሚሄደውም በዚሁ ሰዓት ኢተያን አልፏል።

እንዲህ ያለ አጭር በረራ ግን በኢትዮጵያ ታይቶ የማይታወቅ አይደለም። ባሕር ዳርና ጎንደር በአየር የሚራራቁት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ጣናን እየዞረ የሚሄደው መኪና ከአዲስ አበባ አሰላ ካለው ጋር ተመሳሳይ የሆነ ርቀት ይሄዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን በታሪካዊው መስመር ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እየቀጠለ ጎብኚዎችን ያመላልስ ነበር። ያ በረራ ያዋጣ የነበረው ርቀቱ ስለበቃው አይደለም። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሰሜን ስለደረሰ፣ ተሳፋሪውም ጊዜው የተቆጠረ ቱሪስት ስለነበረ ነው። አሰላ ይህ ሁኔታ የላትም።

የበረራ ጥቅም በግልጽ የሚታየው አርሲን አልፎ ባሌ ሲደረስ ነው። አዲስ አበባና ባሌ ሮቤ በመንገድ 430 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ መንገዱ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በአሳሳ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ በኩል ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ጉዞ ነው። በአየር ግን 245 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ቀጥታ ቢሄድ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የጭላሎን ተራራ በስተቀኝ ትቶ፣ በአርሲ እርሻዎች ላይ አልፎ ይሄዳል። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ግን አንድ ሰዓት ይጠጋል እንጂ በስሌት የሚመጣው 23 ደቂቃ አይደለም።

መንገደኛ ይህን መርሳት የለበትም፤ አየር መንገዶች የሚሰጡት ሰዓት በአየር ላይ የሚቆየው ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቃንቆ ሲወጣ ተጀምሮ፣ ደርሶ ሲቆም የሚያልቅ ሰዓት ነው። መንደርደሪያው ጋ ወረፋ መጠበቅ፣ ወደ ላይ መውጣት፣ ለማረፍ ተራ መያዝ ሁሉ በውስጡ አሉ። ስለዚህ አጭር በረራ ሲሆን በኪሎ ሜትር ሲታይ ቀርፋፋ ይመስላል፤ ረጅም ሲሆን ደግሞ ፈጣን። አዋሳን ማየት ይቻላል፤ በአየር 215 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ትኬቱ ግን 45 ደቂቃ ያህል ይላል። ወደ ሮም 4,480 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያም በስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል።

በነገራችን ላይ ሮቤ ሁለት ናት። አንዷ የአርሲ ሮቤ፣ ሌላዋ የባሌ ሮቤ። ከአሰላ ወደ ምሥራቅ ያለችው የአርሲዋ ስትሆን፣ አውሮፕላን የሚያርፍባት የባሌዋ ናት። የአሰላ ሰው ባሌ ሮቤ ለመሄድ ቢበር መጀመሪያ 175 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ፣ ወደ ቦሌ መሄድ ይኖርበታል፤ ከዚያ እንደገና በአርሲ ላይ ይበራል። ይህን የሚያደርግ ሰው ካለ መብረር የሚወድ ብቻ ነው።

ከባሌ ወደ ሜዲትራኒያን እንመለስ። ባርሴሎና ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 4 ሜትር ብቻ ነው። የአቴንሱ 94 ሜትር። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከአሰላ ብዙም አያንስም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ይቀንሳል። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው አየርን ተጭኖ፣ ሞተሩም ጉልበት የሚያገኘው አየርን ስቦ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መንደርደርና የበለጠ መፍጠን ያስፈልገዋል። ስለዚህ የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር እንዲረዝም ሆኗል፤ እንዲያም ሆኖ በጣም ሩቅ የሚሄድ አውሮፕላን ነዳጁን ሞልቶ፣ ተሳፋሪውንም ጭነቱንም ሞልቶ ሊነሣ አይችልም።

የዚህ ውጤት በዋሽንግተን በረራ ላይ ይታያል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አየር መንገዱ ወደዚያ ሲሄድ ነዳጅ ለመሙላት በተለያዩ ዓመታት ሮምን፣ ደብሊንንና ሎሜን መቆሚያ አድርጓል። ሲመለስ ግን በአብዛኛው ቀጥታ ይመጣል። ዋሽንግተን ያለው አየር ወፍራም ነው፤ ሞልቶ ይነሣል፤ በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ንፋስ ከኋላው ይገፋዋል። ያው ንፋስ በሜዲትራኒያን ላይም አለ፤ ከባርሴሎና አቴንስ የሚደረገው በረራ ከአቴንስ ባርሴሎና ከሚደረገው በአብዛኛው ሃያ ደቂቃ ያህል ያጥራል። ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት።

ቦይንግን የሚያስቸግረው ይህ የሳሳ አየር ለበቆጂ ልጆች ሳንባ ማሠልጠኛ ሆኗል የሚሉ ብዙ ናቸው። ከፍታው ብቻውን ሯጭ አያወጣም፤ ያለዚያማ ደጋ ሁሉ ደራርቱን ባፈራ ነበር። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ ሜዳ ላይ ለዓመታት የሠሩት ሥራም አለበት። ይሁንና በ2,800 ሜትር ከፍታ የለመደ ሰውነት ባርሴሎና ባሕር ዳር ሲሮጥ የተሻለ አየር እንደሚያገኝ አይካድም።

ሌላው ሰዓትን የሚያረዝመው ፖለቲካ ነው። ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ አቴንስ 3,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀጥታው መስመር በሱዳንና በግብፅ ላይ ያልፋል። ሰማይ ግን ባለቤት አለው። ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነትና ከዚያ በኋላ በቆየው ኩርፊያ ለ20 ዓመት የኢትዮጵያ አውሮፕላን በኤርትራ ላይ ሳያልፍ ኖሯል፤ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ወደ አስመራ በረራ ሲጀመር ነው ያ መስመር የተከፈተው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የሱዳን ሰማይ ተዘጋ፤ ወደ ሰሜን የሚበሩ አውሮፕላኖች በቀይ ባሕር በኩል መዞር ግድ ሆነባቸው። ሊቢያም ለረጅም ጊዜ ብዙ አየር መንገዶች የሚሸሹት ሰማይ ነው። መንገደኛው ትኬቱ ላይ ከቀድሞው የረዘመ ሰዓት ሲያይ አውሮፕላኑ የዘገየ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ የሄደው ረጅም መንገድ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውም ወደዚሁ ሰሜን ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. አንድ ዲሲ 3 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ሄደ። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበረው ያ አውሮፕላን ሳይቆም ቢሄድ እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ አየር ላይ መቆየት ነበረበት። ዛሬ ያው ርቀት አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በእነዚህ ዓመታት የሰማዩ ሰዓት ከግማሽ በታች ሲወርድ፣ ከበቆጂ ገጠር እስከ አስፋልቱ ያለው የእግር መንገድ በብዙ ቦታ እንደነበረ አለ።

ለአብዛኛው የአርሲ ቤተሰብ የሜዲትራኒያን ከተማ ሲባል የሚታሰበው አቴንስም ባርሴሎናም አይደለም፤ ቤይሩት ናት። አርሲ ሴት ልጆቿን ወደ ዓረብ አገራት ለሥራ ከሚልኩ አካባቢዎች አንዱ ነው። ቤይሩት ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 2,780 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሆን በረራው አራት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ከበቆጂ የምትነሣ ልጅ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ አሰላ ገብታ፣ መኪና እስኪሞላ ጠብቃ፣ አዳማን አልፋ፣ የአዲስ አበባን የመኪና መጨናነቅ ቆርጣ ቦሌ ስትደርስ አምስት ሰዓትም ስድስት ሰዓትም ያልፋታል። ለዓለም አቀፍ በረራ ከሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ሲጨመር፣ አውሮፕላኑ ሳይነሣ ስምንት ሰዓት አልቋል። ብዙዎች አንድ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት የሚያድሩት ለዚህ ነው፤ ማታ መንገድ መውጣት በማይመከርበት ጊዜ ደግሞ ምርጫም የለም። ወደ ባርሴሎና ለሚሄድ ሰው 5,090 ኪሎ ሜትሩ ያለ መቆም ሰባት ሰዓት ገደማ ቢሆንም፣ ከበቆጂ ቤቱ ሲቆጠር ከ15 ሰዓት አያንስም። በመካከል አውሮፕላን መቀየር ካለ ጥበቃው በላዩ ነው።

አየር መንገዱ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ሊገነባው የተነሣው አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ ለአርሲ ሰው ከማንም በላይ ሊጠቅመው ይችላል። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ አውሮፕላኖች ከቦሌ የበለጠ ክብደት ይዘው ሊነሡበት ይችላሉ። ከአሰላ የሚመጣ መንገደኛ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሳይገባ፣ ጭንቅንቁን ሳያይ ይደርሳል። በኪሎ ሜትር የሚያተርፈው ብዙ ላይመስል ይችላል፤ በሰዓት የሚያተርፈው ግን ከኪሎ ሜትሩ ይበልጣል።

እስከዚያው ድረስ ግን ትኬት የያዘ መንገደኛ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት የሰዓት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የአገር ሰዓት ነው። ትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻው ሰዓት በመድረሻው አገር አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። አቴንስና ቤይሩት በበጋቸው ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሲሆኑ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ሮምና ባርሴሎና ደግሞ በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች ቀንሶ የበረራውን ርዝመት ለማወቅ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ሁለተኛው ይብሳል፤ በየጊዜው በረራ የሚያስመልጥ ነው። ትኬቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ቀኑ የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት ነው። «ሰኞ 00:30» የሚል ትኬት የያዘ ሰው ሰኞ ማታ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ እሳፈራለሁ ብሎ ሰኞ ጠዋት ከበቆጂ ቢነሣ፣ አውሮፕላኑ የሄደው ገና እሱ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ነው። በረራው እሁድ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ መንገደኛው እሁድ ማታ ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ቦሌ መድረስ፣ ለዚያም ከበቆጂ እሁድ ጠዋት መነሣት ነበረበት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ ትኬት ያለው ሰው ትኬቱን የቆረጠለትን ሰው «የየትኛው ቀን ሌሊት ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ትኬቱ ላይ በአማርኛ ይጻፍበት።